አይጥ ያጠመቅንበት ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ የጓዳዬ በር ከመቃኑ ተላቆ አልዘጋ ቢለኝ ጠባሴ ሰፈር ወዳለ አንድ አናጢ ቤት ጎራ አልኩ። አናጢው ወጣት ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ስልኩን ከመጋዙ አጠገብ አስቀምጦ ዘፈን እያስጮኸ ይሠራል። መጋዙ የጥዱን ጣውላ ሲበላው ሰጋቱራው ብን ብሎ ተነሣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ያስነጥሰው ነበር፤ እኔ ግን ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ፤ ፊቴም ሳላውቀው ፈገግ ብሎ ኖሯል። «አባባ፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ መጋዙን አጥፍቶ። «ደኅና ነኝ፤ አይጥ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ከጣውላዎቹ ሥር ሥር ማየት ጀመረ። ሽበቴን አክብሮ ነው እንጂ ሌላ ነገር ሳይለኝ አይቀርም ነበር።

ለሌላው የሰጋቱራ ሽታ የአልጋና የቁም ሣጥን ሽታ ነው፤ ለእኔ የነጫጭ አይጦች ሽታ ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ የጤና ተማሪዎች በሚማሩበት አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻን ነበርኩ። ቴክኒሻን ማለት ያኔ ሁሉን ነገር ማለት ነው፤ ብልቃጥ አጣቢ፣ ሚዛን አስተካካይ፣ ሶኬት ጠጋኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአይጦች አሳዳሪ። አይጦቹ በየጎተራው የምናውቃቸው ዓይነት አይደሉም። ነጫጭ ናቸው፣ ዓይናቸው እንደ ዶቃ የቀላ፣ ከአዲስ አበባ ቀዳዳ በበዛበት ካርቶን ተጭነው በአውቶቡስ የመጡ። አልጋቸው ሰጋቱራ ስለሆነ በየሳምንቱ ጆንያዬን ይዤ አናጢ ቤት ለአናጢ ቤት እዞራለሁ። ያኔ ሰጋቱራ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። አናጢዎቹ «ተባረክ፣ ቤታችንን እኮ ነው ያሰፋህልን» እያሉ ሞልተው ይሰጡኝ ነበር፤ ዛሬ ዶሮ አርቢው ሁሉ ስለሚሻማበት ዋጋ ወጥቶለታል። ስመለስ ከመናኸሪያው ጥግ ፓስቲ የምትጠብሰው ሴትዮ ዘንድ አረፍ እላለሁ። ፓስቲ በሃምሳ ሳንቲም፣ ሻይ በአንድ ብር። ትኩሱን ፓስቲ በጋዜጣ ጠቅልላ ስትሰጠኝ ዘይቱ ፊደሉን ያሟሟውና መዳፌ ላይ ያትመው ነበር፤ የስንቱን ባለሥልጣን ንግግር በእጄ ይዤ ወደ ሥራ ገብቻለሁ።

ከተማው ያኔ የፈረስ ጋሪ ከተማ ነበር። ባለጋሪዎቹ ፈረሶቻቸው ግንባር ላይ የቀይ ሱፍ ዘርፍ ያንጠለጥላሉ፣ ጅራፋቸውን ከሚጠቀሙበት ይልቅ የሚያጮሁት ይበዛል። አሁን ባጃጅ በሞላው አስፋልት ላይ ጠዋት ጠዋት የፈረስ ትንፋሽ እንደ ጭስ ሲትጎለጎል ይታይ ነበር። ብርዱማ ዛሬም ያው ነው፤ ሕንፃው ቢበዛም ውርጩ አድራሻውን አልሳተም። እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ከላዩ ነጭ ጋውን፣ ከጋውኑ በላይ ደግሞ ጋቢ አድርጌ እገባለሁ፤ ጋቢውን በር ላይ አውልቄ እሰቅላለሁ። ከግቢያችን ፊት ለፊት አንድ ካሴት ሻጭ ነበር። ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ይለቃል። አንዳንድ ቀን ብልቃጥ ሳጥብ ትከሻዬ ራሱን ችሎ ሲሰበቅ እይዘዋለሁ።

የምሠራውን ሥራ ለሰፈሬ ሰው ማስረዳት ግን አቃተኝ። አንዲት ጎረቤቴ በር ላይ አስቁማ «እኛ አይጥ የሚጨርስልን መርዝ አጥተን እንንገላታለን፤ አንተ በመንግሥት ገንዘብ አይጥ ትቀልባለህ?» ትለኝ ነበር። በኋላማ አይጦቹን ውሃ ውስጥ እንደማስገባ ሲሰማ «አጥማቂው» የሚል ስም ወጣልኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ «አጥማቂው መጣ» እየተባለ ይሳቅብኝ ጀመር። ሚስቴ ትናደዳለች፤ እኔ ግን እውነት ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

አይጥ ወደ ማጥመቁ ያስገባችኝ አለምነሽ ናት። የመጣችው መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው። የአንኮበር ልጅ፣ የቄስ ልጅ፣ እዚያው እኛ ዘንድ የምታስተምር ወጣት መምህርት። ሁለተኛ ዲግሪዋን አዲስ አበባ ተምራ የቀራት የመመረቂያ ጥናቷ ብቻ ነበር፤ እሱንም እኛው ላቦራቶሪ እንድትሠራው አማካሪዋ ፈቅደውላታል። ቁመቷ አጠር ያለ ስለሆነ ጋውኑ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይደርስ ነበር፤ በጋውኑ አንገት በኩል እናቷ በእጃቸው የሠሩላት ቡናማ ሹራብ ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ትንሽ ብልቃጥ አስቀመጠች።

«ጋሽ በቀለ፣ ይህ የሕመም ማስታገሻ ነው» አለችኝ። «ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለጥርስ ይታዘዛል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ለድባቴም ይሠራ እንደሆነ ነው።»

የመድኃኒቱን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ አንዱ አንባቢ ነገ በማለዳ ፋርማሲ ደጃፍ እንዲሰለፍ አልፈልግም። ለምን ይህን መረጥሽ ብዬ ስጠይቃት ግን የነገረችኝን ልንገራችሁ። አባቷ ካረፉ በኋላ እናቷ እትዬ ዘነበች ዝም አሉ። ለወጉ ያህል ዝም ማለት አይደለም። አንኮበር ገበያ ውስጥ ሳቃቸው ከሩቅ የሚለይ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበሩ፤ ሐዘኑ አልፎ ሰው ሁሉ ወደ ኑሮው ሲመለስ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ቀሩ። ሲጠሯቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይመልሳሉ፤ ሲሰጧቸው ይበላሉ፤ ካልሰጧቸው አይጠይቁም። በመሐሉ በዝናብ ቁልቁለቱ ላይ አዳልጧቸው ወገባቸውን ተጎዱ። ጤና ጣቢያ ይህ ማስታገሻ ታዘዘላቸው። ታዲያ ክኒኑን በወሰዱባቸው ሳምንታት እትዬ ዘነበች ቀና አሉ። ጎረቤት መጠየቅ፣ ሰላምታ መመለስ፣ ፈገግ ማለት ጀመሩ። ወገባቸው ሲድን ክኒኑ ተቋረጠ፤ ዝምታቸውም ተመለሰ።

«ሐኪሙን ለመንኩት» አለችኝ አለምነሽ። «ወገባቸው ድኗል፣ ሕመም ሳይኖር ማስታገሻ አላዝም አለኝ፤ ልክ ነው። ግን ጋሽ በቀለ፣ ያን ጊዜ እማዬን ያናገራት የወገቧ መሻል ነው ወይስ ክኒኑ ራሱ ውስጧን ነክቶት? ይህን ካላወቅኩ በምን እንደምረዳት አላውቅም። ምንም ሕመም ለሌለበት ፍጡር ሰጥቼ ማየት አለብኝ።»

ምንም ሕመም የሌለበት ፍጡር እንግዲህ የእኔ አይጥ ነው። ስቀልባቸው የከረምኩት ለዚህ ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ረዘም ባለ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ይሞላና አይጧ ትገባለች። መጀመሪያ ዙሪያውን እየዋኘች፣ መስታወቱን እየቧጠጠች መውጫ ትፈልጋለች። መውጫ እንደሌለ ሲገባት መፍጨርጨሯን ትተዋለች፤ አፍንጫዋን ብቻ ከውሃው በላይ አድርጋ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። የሩጫ ሰዓት ይዘን ያን ዝም ያለችበትን ጊዜ እንለካለን። የድባቴ መድኃኒት የወሰደች አይጥ ቶሎ አትቆምም፣ ትታገላለች፤ ማስታገሻው እንደዚያ ካደረጋት ለድባቴም ይሠራል ብሎ ለመጠርጠር ምክንያት አለ ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃ ሲሞላ አይጧ ትወጣለች፣ በፎጣ ትደርቃለች፣ አምፖል ሥር ትሞቃለች። አንዷም አልሰጠመችብንም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሚስቴ ትቆጣኛለች።

አማካሪዋ፣ እኛ «ዶክተሩ» እንላቸው የነበሩት የአዲስ አበባ ሰው፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚል የተጻፈባቸው ሦስት ጠርሙሶች ልከውልናል። አንዱ ማስታገሻው ነው፣ አንዱ የታወቀ የድባቴ መድኃኒት፣ አንዱ ጨው ያለበት ውሃ ብቻ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እኛ ካወቅን ዓይናችን ያዳላል። ውሃውን ማሞቅ የእኔ ፈንታ ነው። የደብረ ብርሃን ቧንቧ በኅዳር ጠዋት ጭራሽ አይከፈትም፤ ቢከፈትም የሚወጣው ጥርስ የሚያራግፍ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ አሞቀዋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ በከሰል፤ ቴርሞሜትሩን ነክሬ፣ አንዴ የፈላ አንዴ የቀዘቀዘ እየጨመርኩ ልክ የሕፃን ገላ እንደሚያጥብ ሰው እጠበባለሁ። አለምነሽ ክርኗን ነክራ «አሁን ሆነ» ስትለኝ የምሥራች እንደሰማሁ ነበር የምቆጥረው።

አይጦቹ ሁሉ ነጭ ስለሆኑ ጭራቸው ላይ በቀለም ምልክት እናደርጋለን። አለምነሽ በቁጥር ልትጠራቸው ፈልጋ ነበር። እኔ ደግሞ እነዋሪ አውድማ ላይ ገብስና ስንዴ ሲወቃ በሬ እየነዳሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ በቁጥር የሚጠራ ከብት አላውቅም። ጥቁር የተቀባውን ጉራች፣ ግራጫውን ዳልቻ፣ ቀዩን ቀዮ፣ ሁለት ቀለም ያለበትን ቡሬ እያልኩ ስም አወጣሁላቸው። «ጋሽ በቀለ፣ እነዚህ እኮ አይጦች ናቸው» ብላ ሳቀች። ሳምንት ሳይሞላ ግን በሩን ከፍታ ገና ሳትገባ «ዳልቻ በላ?» ማለት ጀመረች። ዳልቻ መጀመሪያ ነክሷት ነበር፤ ለዚህ ይሆናል ከሁሉም አብልጣ የወደደችው።

የመጀመሪያው ፈተና ዕለት ዳልቻ ውሃ ውስጥ ገባ። እኔ ሰዓት ይዣለሁ፣ እሷ ከወዲያ በኩል ጎንበስ ብላ ታያለች። ጥግ ላይ ዶክተሩ የላኩት ትንሽ ካሜራ በእንጨት ላይ ቆሞ ይቀርጻል። ዳልቻ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ እግሮቹ መዘግየት ጀመሩ። እንግዲህ በእኛ አገር አውድማ ላይ በሬ ሲደክመው አፉን ዘግቶ የሚያይ ሰው የለም። ይወደሳል፣ ይለመናል፣ ይዘፈንለታል፤ ዝም ያለ ነጂ እንደ ክፉ ሰው ነው የሚቆጠረው። እኔም አስቤበት አይደለም፤ ከአፌ ወጣ። «ዙር የኔ ጌታ! ዙር ዳልቻ፣ አይዞህ!» አልኩ። ዳልቻ እግሮቹን አንቀሳቀሰ። አለምነሽ ቀና ብላ አየችኝ፤ ልትቆጣኝ ነው ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። እሷ ግን ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ በቀጭን ድምጿ «በርታ ዳልቻ፣ በርታ» አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን። ጉራችን በእንጉርጉሮ፣ ቀዮን በውዳሴ፣ ቡሬን በልመና ስናስዋኛቸው ሰነበትን። የአባቴን የውቂያ ዜማ ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ጊዜ ዘፍኜው አላውቅም። አለምነሽ ተቀባይ ናት፣ አንዳንዴ ሳታውቀው ታጨበጭባለች። በኮሪደሩ የሚያልፉ ተማሪዎች የማን ሠርግ ነው ብለው ይጠይቁ ነበር። ሥራ ሄጄ እንደዚያ የሳቅኩበት ዘመን የለኝም። ማታ ወደ ቤት ስሄድ ጉሮሮዬ ሰልሎ ሚስቴ «አይጥ ጠብቀህ ነው ወይስ ለቅሶ ውለህ የመጣኸው?» ትለኛለች።

ልኬታችንን ለዶክተሩ ላክን፤ እሳቸውም የጠርሙሶቹን ምስጢር ገለጡ። የሦስቱም ውጤት አንድ ሆኖ ተገኘ። ማስታገሻ የወሰደው፣ የድባቴ መድኃኒት የወሰደው፣ ጨው ውሃ ብቻ የተሰጠው፣ ሁሉም እኩል ሲዋኙ ነው የዋሉት። አለምነሽን ፓስቲ ጠባሿ ዘንድ ወሰድኳት። ሻይዋ ቀዘቀዘ፣ ፓስቲውን አልነካችውም። «ክኒኑ ምንም አይደለም ማለት ነው» አለች። «እማዬን ያናገራት ሌላ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ደግሞ አላውቅም። ጋሽ በቀለ፣ ሁለተኛ ድምጿን የምሰማ አይመስለኝም።» ለአይጥ የማያልቅብኝ ሰው ለእሷ አንዲት ቃል ጠፋችኝ፤ በጣም አዘንኩ።

ዶክተሩ ግን ነገሩ አልገባቸውም። የታወቀው የድባቴ መድኃኒት እንኳ ከጨው ውሃ አለመለየቱ ከነከናቸውና ራሳቸው መጡ። ረዥም ካፖርት የለበሱ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስቦ ለመቀመጥ እንኳ ፈቃድ የሚጠይቁ። የተቀረጸውን እንየው አሉና ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ሥዕሉ መጣ፣ ዳልቻ ታየ። ከዚያ ድምፁ መጣ። የእኔ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ «ዙር የኔ ጌታ!» ከኋላው የአለምነሽ ጭብጨባ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። አለምነሽ ፊቷን በሹራቧ አንገት ውስጥ ቀበረች። ዶክተሩ መጀመሪያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ቀጥሎ መሐረባቸውን አወጡ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቁጥቡ ሰው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጉራች ላይ ሲደርሱ ጭራሽ ጠረጴዛውን ያዙ።

«አቶ በቀለ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህ ላቦራቶሪ ነው አውድማ?»

«ዶክተር፣ ሲደክማቸው እያየሁ...»

«ገብቶኛል። አይጥ ግን ጩኸት ሲሰማ ይደነግጣል፣ ይንቀሳቀሳል። መድኃኒት የወሰደውም ያልወሰደውም እኩል የዋኘው እናንተ አላሳርፍ ብላችሁት ነው።» ወደ አለምነሽ ዞሩ። «ክኒኑ አልሠራም ማለት አንችልም። ምንም አልለካንም፤ በአዲስ አይጦች እንደገና ይሠራል። ከአሁን ወዲያ ግን በዚህ ክፍል ውስጥ ድምፅ የለም። አንዲት ቃል የተሰማባት አይጥ አትቆጠርም።» አለምነሽ ዓይኗ በራ። መጥፎ ሠርተሻል ተብሎ እንደዚያ የተደሰተ ተማሪ አላየሁም።

ዝም ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። እኔ ከረሜላ አፌ ውስጥ እከታለሁ፤ አለምነሽ የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች። የምንነጋገረው በእጅ ነው፣ ውሃው ሞቀ በአውራ ጣት፣ ጊዜው አለቀ በመዳፍ። ካሴት ሻጩን ለምነን ድምፅ ማጉያውን ወደ ውስጥ አስገባን፤ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለን። ስም ማውጣት ግን ዶክተሩ አልከለከሉም ብዬ አዲሶቹንም በየቀለማቸው በሆዴ ሰየምኳቸው፤ በሆዴም አበረታታቸዋለሁ። ውጤቱን እዚሁ ልናገርና ልገላገል። ማስታገሻውን የወሰዱት ከጨው ውሃዎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ታገሉ፣ ከታወቀው የድባቴ መድኃኒት ግን አነሱ። ዶክተሩም ይህ አይጥ ላይ ነው፣ ከአይጥ እስከ ሰው ረዥም መንገድ አለ ብለው በደንብ አስጠነቀቁ። አለምነሽ ተመረቀች፤ ዛሬ እሷ ራሷ የሌሎች አማካሪ ሆና፣ ጠጉሯ ሸበት ጣል አድርጎበት ሳገኛት ጉንጬን ስማ «ጋሽ በቀለ» ስትለኝ ደረቴ ይነፋል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሰጋቱራ ሲሸተኝ የምስቀው ለዚህ አይደለም።

ሁለተኛው ዙር በተጋመሰበት አንድ ሐሙስ አለምነሽ እናቷን ይዛ ብቅ አለች። ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይዛላቸው፣ በማለዳው መኪና ከአንኮበር አስመጥታቸው ነው። ብቻቸውን ቤት ትታቸው መምጣት አልሆነላትም፤ አይጦቹ ደግሞ መድኃኒቱን ጠዋት ወስደዋል፣ ፈተናው አይቆይም። እትዬ ዘነበች ረዥም፣ መልከ መልካም ሴት ናቸው፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። ከወንበሬ ተነሥቼ «እትዬ ዘነበች፣ እንደምን አሉ? እዚህ ሙቀቱ አጠገብ ይቀመጡ» አልኳቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡኝና ተቀመጡ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፣ እኔን ግን ያዩኝ አልመሰለኝም። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ዝም ማለት ያላስቸገራቸው ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩ።

ሥራችንን ጀመርን። አንዷ ገባች፣ ወጣች፣ ደረቀች። ሌላዋ ገባች፣ ወጣች። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ግድግዳውን ያዩ ነበር። ቆይቼ ቀና ስል መስታወቱን እያዩ አገኘኋቸው፤ ለአለምነሽ በዓይኔ አመለከትኳት፣ እሷም አየች፣ ምንም ማለት ግን አይቻልም። ቀጥሎ የገባችው ትንሽዬ፣ ገና ስትገባ የደከማት የምትመስል አይጥ ነበረች። አንድ ሁለት ዞረችና ቆመች። እግሯ ቀጥ አለ፣ አፍንጫዋ ብቻ ብቅ ብሎ ተንሳፈፈች። ሰዓቴን ተጫንኩ። አለምነሽ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ከረሜላዬ አልቆብኛል፤ ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የምድጃው እሳት ብቻ ነበር።

«በርቺ እንጂ እናቴ።»

ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ እንደከረመ በር። አለምነሽ አልዞረችም። አንገቷ ደርቆ መስታወቱን እንዳየች ቀረች፤ ብትዞር የሚጠፋ መስሏት ይሆናል።

«በርቺ፣ ምን ነካሽ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ አሁን ከወንበሩ ጫፍ ደርሰዋል። አይጧ ንቅንቅ አላለችም። ይህን ጊዜ ተነሡ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ። «ምን ትገተራላችሁ? አውጧት እንጂ። ነፍስ እኮ ናት። አንተስ ትልቅ ሰው፣ ሰዓት ይዘህ የምታያት ምን ልታደርግልህ ነው?»

ሰዓቱ እጄ ውስጥ ይቆጥራል፤ ማቆሙን ረስቼዋለሁ። በሕጉ መሠረት ያቺ አይጥ ከዚህ በኋላ አትቆጠርም። አለምነሽ እጅጌዋን እንኳ ሳትሰበስብ ክንዷን ከነሹራቡ ውሃው ውስጥ ከተተችና አይጧን አወጣቻት። ፎጣ አልፈለገችም፤ እንዲሁ እንደራሰች ይዛ ዞራ እናቷ እጅ ላይ አኖረቻት። እትዬ ዘነበች የጋቢያቸውን ጫፍ ከመሬት ስበው አይጧን ይጠራርጓት ጀመር፤ እጃቸው ይጠርጋል፣ አፋቸው አያርፍም።

«ብርድ ሊገድላት። ይኸው ትንቀጠቀጣለች። አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ይህን እንድትሠሪ ነው ያስተማረሽ? አዲስ አበባ ድረስ የሄድሽው ለዚህ ነው?»

አለምነሽ ክንዷ ውሃ እያንጠባጠበ ወለሉ ላይ፣ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። እያለቀሰች ነው፣ እየሳቀችም ነው።

«አዎ እማዬ፣ ለዚህ ነው» አለች። «ስደቢኝ። እንዳታቋርጪ።»

እትዬ ዘነበችም አላሳፈሯትም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሁለታችንንም ሲሰድቡን ዋሉ።